ጭቃው ለእኔ፣ ግልቢያው ለዲምፕና

ይድረስ ለውድ እህቴ ለኢታ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽስ? ባልሽ ኮልም ደኅና ነው? ትንሹ ፊያክራ ጥርስ አወጣ ወይስ ገና በድዱ ይነክስሻል? አውስትራሊያ ፀሐዩ አናት ይበሳል አሉ። እኛ ከጉንፋን በቀር ደኅና ነን። ዝናቡ ግን አንድ ቀን እንኳ አላዘነልንም፤ መስኩ ጭቃ ብቻ ሆኗል።

ኢታዬ፣ አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው፤ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ስትሄጂ ባዝራሽን ሪልቲንን ለእኔ አደራ ብለሽ፣ ኋላ ደግሞ «ከገና ማግስት፣ በእስጢፋኖስ ዕለት፣ በየዓመቱ ከሚወጡት ፈረሰኞች ጋር ዲምፕና ትውጣባት፤ ከአንቺ እሷ ትሻላለች» ብለሽ መጻፍሽ አንጀቴን አሳረረው። ለጎረቤት ልጅ! እኔ ታዲያ ምንሽ ነኝ?

ሥራውን ታውቂዋለሽ። ሪልቲን ጭቃ ላይ ካልተንከባለለች የዋለች አይመስላትም። እርጥቡን አልነካውም፤ አድሮ ሲደርቅ በጎማው መፈግፈጊያ አራግፌ፣ በብሩሽ ጀርባዋንም ሆዷንም እስክታበራ እወለውላታለሁ። ያኔ ዲምፕና ለዕለቱ ልትለማመድ በነጭ ሱሪዋ ከች! መንደሩ «አቤት አቀማመጥ!» ይላል። ስትመለስ ልጓሙን እጄ ላይ ጥላ «ኑላዬ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ሻይ እየጠበቀኝ ነው» ብላ እብስ። እኔ ከላቡና ከጭቃው ጋር እቀራለሁ፤ ሪልቲንን በጭድ አሽቼ፣ ጀርባዋ ላይ ከሚደረበው የፈረስ ልብስ ሥር ላብ የሚመጥ ደረቅ ጭድ ጎዝጉዤ፣ እግሯን በጨርቅ አድርቄ። ይኼን ሁሉ ሆኜላት ያቺ ከዳተኛ የምታሽካካው የዲምፕናን መኪና ስትሰማ ነው!

ባለፈው እሑድ ጉንፋኑ አልጋ ላይ ጣለኝና ዲምፕና ራሷ አበጠረቻት። ጋማዋን ጎንጉና ጎኗን ብታስውበው አባዬ እንኳ «እንደ ሙሽራ አደረገቻት» ብሎ ገብቶ ነገረኝ። ከትኩሳቱ ይልቅ እሱ አቃጠለኝ። ከግልቢያ ሲመለሱ ብርድ ልብስ ደርቤ ወጣሁ። ኮርቻውን ሳወርድ፣ ማሰሪያው በሆዷ ሥር በሚያልፍበት ቦታ፣ ጭቃው ሳይራገፍ በላዩ ታስሮ ቆዳዋን ልጦታል። ገጣባ! ዓይን የሚያየውን አሳምራ ማሰሪያው የሚያርፍበትን ረስታዋለች።

እውነቱን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። «እሰይ፣ ጉድሽ ወጣ» አልኩ በሆዴ። አፌም አላረፈ፤ «እመቤቴ፣ ኮርቻው የሚታሰረው ጋማዋ ላይ ነው እንዴ?» አልኳት። ዲምፕና ቁስሉን አይታ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ለባል ብትናጩ ይገባኝ ነበር!» አለ። ሪልቲን ደግሞ አንገቷን ዘርግታ የማንን ትከሻ የተደገፈች ይመስልሻል? የእሷን! ያቆሰለቻትን!

ቁስሉ እስኪሽር ኮርቻ አይጫንባትም፤ በእስጢፋኖስ ዕለት ሁለታችንም በእግራችን ቆመን የሰው ፈረስ እናያለን። ከዚያ በኋላ ማን ይጋልባት የሚለውን ባለቤቷ አንቺ ነሽና ፍረጂ፤ ብቻ የማን እህት እንደሆንሽ አትርሺ። ዲምፕና «አስተምሪኝ» ብላ በየማለዳው ትመጣለች። ሥራውን አካፈልኳት፤ የሪልቲንን ሆድ፣ እግሮቿንና ያንን እበት የተጋገረበት ጅራት ለእሷ ሰጠኋት። ፊቷን ግን እኔ ነኝ የምጠርገው። በለስላሳው ብሩሽ ግንባሯን ስዳብሳት ዓይኗን ጨፍና ደረቴ ላይ ትደገፋለች፤ ያን ጊዜ ዲምፕናን አታያትም።

እማዬና አባዬ ናፍቆታቸውን ልከዋል። ኮልምን ሰላም በይልኝ። ፊያክራን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚና፣ አፉን ሲፈታ ከአጎቶቹ ሁሉ በፊት የእኔን ስም አስጠሪው።

እህትሽ ኑላ
ኪልማሎክ አጠገብ፣ አየርላንድ
ዲሴምበር 9 ቀን 1986