የማኅበሩ ዕጣና የዝውውሩ ዕጣ

ግንቦት 19፣ ማታ

ዛሬም ጉም። 11ኛ ክፍል ፕሮባቢሊቲ ጀመርን። ሳንቲም ወረወርኩ፤ ሦስቴ በተከታታይ ዘውድ። ቀጥሎስ? አልኳቸው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጎፈር አለ፤ ተራው ነዋ! ሳቅኩባቸው። ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም፣ አንዱ ውርወራ በሌላው ላይ ሥልጣን የለውም አልኩና ሰሌዳው ላይ "ነጻ ሁነቶች" ብዬ ጻፍኩ።

ቤት ስገባ ሳቄ ጠፋ። እኔም እኮ ወደ ዓለም ከተማ ልዛወር ብዬ ሦስት ዓመት የመምህራን ዝውውር ዕጣ አንስቼ ሦስቴም ባዶ ነው። ዘንድሮ ተራዬ ነው እያልኩ ነው እዚህ ራቤል ከተማ የከረምኩት። ጉድ ነው ደብተሬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ።

ግንቦት 21

ማርያም። ጽዋ ጠጣን። የማኅበራችን ደንብ፦ አንዴ የደገሰች ሴት ስሟ ዙሩ እስኪያልቅ ዕጣ ውስጥ አይገባም። የቀረነው እኔና አከራዬ እማማ ጸዳለ ብቻ። የሳቸው ወጣ፤ ሰኔ የሳቸው ነው። ሐምሌ እንግዲህ ዕጣም አያሻው፣ የኔ ነው።

በመንገድ ላይ እማማ አጽናኑኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ የዝውውሩም እንደ ጽዋችን ነው። ሦስቴ ካለፈሽ አራተኛው የት ይሄዳል?"

እንዴት ብዬ ላስረዳቸው። በማኅበሩ ሌላዋ ስትወጣ የቀረችው ዕድሏ ይሰፋል። በወረዳው ግን በየዓመቱ አዲስ ስም ይጨመራል፤ ዕጣው እኔን ከየት አውቆኝ! አሜን አልኩ፣ አለፍን።

ሰኔ 2

ዓለም ከተማ ደወልኩ። የራቤል ብርድ ሳንባዋን ቢያስቸግራት ነው ልጄን ለአባቷና ለአክስቷ የሰጠሁት። አሁን አራት ዓመቷ። ዛሬ ስልኩን አነሳች፣ ድምፄን ሰማች፣ ለአክስቷ አቀበለች። "እማዬ፣ እንኪ። ያቺ ሴትዮ ናት።"

አክስቷ አፍራ ሳል ሳል አላት። እኔ ሳቅኩ። ምን ልሁን?

ሰኔ 14

ባዶ።

መምህራኑ ለከርሞ አሉኝ። ፈተና እያረምኩ ነው። ለሳንቲሙ ጥያቄ ከግማሽ በላይ ጎፈር ብለው ጽፈዋል። ቀይ ብዕሬን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሰኔ 21

ጽዋው እማማ ቤት። ወረቀት አልተጠቀለለም፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጽዋውን አስታቀፉኝ። ሁሉም ቆመው መረቁኝ፦ ከርሞም ከማኅበራችን አይለይሽ! ክፋት የላቸውም እኮ፣ ይወዱኛል። አሜን አልኩ።

ሰኔ 22፣ ጠዋት

ቆረጥኩ። ሥራ ልልቀቅ ስል የልጄ አባት አንድ ዓመት ታገሺ እያለ ይኸው ስንት ዓመት። ሐምሌ 21 ጽዋዬን አወጣለሁ፤ የማርያም ነውና ዕዳዋን አልበላም። በማግስቱ አውቶቡስ፣ ወደ ዓለም ከተማ። ዝውውር ኖረም አልኖረም። ይሄኛው ዕጣ የለበትም።

እማዬ ትለኝ ይሆን? እዚህ ከቀረሁ ዜሮ ነው፣ እሱን ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም። ከሄድኩ ግን፣ ከሄድኩና በሩን አንኳኩቼ እሷ ራሷ ብትከፍትልኝ፣ ያኔ ዜሮ አይደለም።