ከበር አባርሮ አጥሩ ላይ ለሰቀለኝ ኮሌጅ

ለክቡር ዶክተር አውሬልዮ ባልዲቪዬሶ
የሳን ኢላሪዮ ንግድ ሥራ ኮሌጅ ሬክተር
ኮቻባምባ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለወንበርዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ኒልዳ ኮልኬ፣ ከአራት ዓመት በፊት በንግድ ሥራ አመራር በማዕረግ ያስመረቁኝ ነኝ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሥራ ፈጠራ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። መምህራችን በዕድሜያቸው አንዲት ሎሚ እንኳ ሸጠው የማያውቁ ቢሆኑም፣ «ኪሳራን አትፍሩ» እያሉ በድፍረት አስተምረውናል። በዚያው ድፍረት አርባ አንድ መሥሪያ ቤት አመልክቼ አርባ አንድ ጊዜ «ልምድ አለሽ?» ተብያለሁ።

ሁለተኛ፣ ቤት መቀመጥ ሲያንገበግበኝ የእናቴን መጥበሻ በጋሪ ይዤ በኮሌጁ በር ላይ ሊጥ ውስጥ ሥጋና ድንች እየሞላሁ ቱኩማና መጥበስ ጀመርኩ። ተማሪው ተሰለፈ፤ እናቴም የሰው ልብስ ከማጠብ አረፈች። በሦስተኛው ወር ግን ጥበቃው ዶን ኤሎይ መጥቶ፣ ዓይኔን ማየት አፍሮ፣ «ኒልዲታ ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ የኮሌጁን ገጽታ ታበላሻለች ብለው ከላይ አዘዋል» አለኝ። ሌሎቹ ጥበቃዎች ጋሪዬን ሲገፉት ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። እናቴ በማግስቱ ወደ እጥበቷ ተመለሰች።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ባለፈው ወር በዚያ ሳልፍ የገዛ ፎቶዬን፣ ከነመጥበሻዬ፣ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ አየሁት፤ ከሥሩም «ሥራ ፈጣሪዎችን እናፈራለን» ይላል። እንዲወርድልኝ ቢሮዎ መጥቼ ብለምን፣ ጸሐፊዎ «ምን ሆንሽ አንቺ? ታዋቂ አደረግንሽ እኮ!» አሉኝ።

እኔም ለዝናዬ የሚገባውን አደረግሁ። በምዝገባው ቀን መጥበሻዬን ይዤ ፎቶዬ ሥር ቆምኩ። ወላጆች በተሰበሰቡበት ማን ይገፋኛል? አንዲት እናት የልጃቸውን እጅ እንደያዙ ቀና ብለው ፎቶውን፣ ዝቅ ብለው እኔን አዩና «ለዚህ ያበቃሽ ይሄ ኮሌጅ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እመቤቴ» አልኳቸው፤ «ለዚህ ያበቃኝ እሱ ነው።»

ሁለት ቱኩማና ገዝተው፣ ሳይመዘገቡ፣ ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ቀትር ሳይደርስ ፎቶው ወረደ። እኔ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ፤ እጠብሳለሁ።

ገጽታዎን ከማበላሸት ያልቦዘንኩ፣ የማዕረግ ተመራቂዎ፣
ኒልዳ ኮልኬ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መሰላል ይዘው ፎቶዬን ያወረዱት ሁለት ወጣቶች የእርስዎው ምሩቃን ናቸው፤ አንዱ በሒሳብ አያያዝ፣ ሌላው በግብይት። ኮሌጁ ለምሩቃኑ ሥራ አያስገኝም የሚሉትን ሐሜተኞች፣ ለግማሽ ቀንም ቢሆን፣ አፋቸውን አስይዘዋልና እንኳን ደስ አለዎ።