በእግሩ የቆመው ዝንብ

ወንድማችን ከጀልባ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የካቲት 9 ቀን 1944 ዓ.ም. ከድልድዩ አጠገብ ባለው የወላጆቻቸው ቤት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ገብተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀዋል። በ1963 ዓ.ም. የፀጉር ማስተካከል ሙያ ተምረው ገበያው መግቢያ ላይ ባለ አንድ ወንበር ሱቅ ከፈቱ። ምላጫቸው ሲያልፍ አይሰማም ይባልላቸው ነበር።

በ1970 ዓ.ም. የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። መከራችን የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። አንድ ደንበኛ መንጠቆ ላይ በፀጉርና በላባ የታሰረ፣ እውነተኛ ዝንብ የሚመስል የዓሣ ማጥመጃ አሳያቸው። ወንድማችን ከዚህ የተሻለ እሠራለሁ አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም።

ከዚያ ወዲህ የምግብ ጠረጴዛው ላይ መንጠቆውን ጨብጦ የሚይዝ ትንሽ ሞርሳ ተተከለ። የጥንቸል ጆሮ ፀጉር ስኳር ዕቃው አጠገብ፣ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ በልጆቹ ደብተር ውስጥ ይገኝ ነበር። ባለቤታቸው "ይሄ ቤት የሰው ነው የዶሮ?" እያሉ ሲጠርጉ ኖሩ። የሚያበሽቀው ግን ድካሙ ሁሉ መና መቅረቱ ነው። ዝንቡ ውሃው ላይ በእግሩ መቆም ነበረበት፤ የእሳቸው በጎኑ ይወድቃል። ዓሣው ይመጣል፣ ያየዋል፣ ይመለሳል። ላባውን አብዝተው ይጠመጥሙ ነበር፤ አንዲት ዘለላ ከቦታዋ ከወጣች ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ። እንደ እናታችን ልብስ ሰፊ የሆንኩት፣ ክር የማቀብላቸው እኔ ታናሽ እህታቸው "ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ ላላ ቢያደርጉትስ?" ስላቸው "አንቺ ልብስሽን ስፊ!" ይሉኝ ነበር። በፋብሪካ ናይለን ይሥሩ ከተባሉማ ሳምንቱን ሙሉ ኩርፊያ ነው።

በ2011 ዓ.ም. እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ የነርቭ ሕመም ነው አላቸው። ደንበኞቻቸው ሰበብ እየፈለጉ አንድ በአንድ ቀሩ፤ ሱቁም ተዘጋ። ዝንቡን ግን አልተዉም። ክሩ ይበጠሳል፣ ላባው ይበተናል፣ እሳቸው ጠረጴዛውን በቡጢ ይመታሉ፣ እኛ ጓዳ ሆነን አብረን እንበግናለን።

አምና በብዙ መከራ ያሰሩትን አንድ የሳሳና የተንጨባረረ ዝንብ ይዘው ከታላቋ ልጃቸው ጋር ወንዝ ወረዱ። ዝንቡ ውሃው ላይ በእግሩ ቆመ። ዓሣውም ሳያመነታ ዋጠው። ልጃቸው በደስታ ጮኸች። ወንድማችን ግን ተቆጡ። "ዓሣው ነው የተሳሳተው፣ ይሄ እኮ ዝርክርክ ሥራ ነው!" ብለው ዓሣውን ወደ ውሃው መለሱት። ቤት ገብተውም ያንኑ ዝንብ አስተካክዬ አስረዋለሁ ብለው በምላጭ ፈቱት። ዕድሜ ልካቸውን የለፉበትን! ይኸው ዛሬም፣ እዚህ ቆሜ ሳነብ፣ ያናድደኛል።

ከዚያ በኋላ ክር መያዝም አልቻሉም። ሕመሙ ጸንቶባቸው በቤታቸውና በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። እጃቸውንም ያሳርፍልን፤ እሳቸው እምቢ ቢሉም።