ወለል አድርገህ ጠብቀኝ

ውድ ልጄ፣

ሰላምታውን እንደሚገባሽ አድርገሽ አንቺው ሙዪው፤ እኔ ጊዜ የለኝም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የድሮ ረዳቴ ነው። ዛሬ እሱም በተራው አውቶቡስ ይነዳል፤ ከሰዓት በኋላ ይነሳል፤ «ጋሼ፣ ቶሎ በሉ እንጂ» እያለ ያጣድፈኛል። ለምን አልደወልክም ትይ ይሆናል። ስልክ ምን እንደሚሠራ ከታች ታነቢዋለሽ። በጽሕፈቴ እንዳትስቂ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት መሪ ጨብጬ፣ ከፊቴ በሚሄድ መኪና ኋላ ላይ ከተጻፈው ነው። እስካሁን ግን ገደል አልገባሁም።

ባለፈው ስትደውዪ መስመሩ ይንጫጫ ነበር። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አልሽ። ይቺን ሰማሁ። ከዚያ ኩርርር አለ። «… እንዳለፈው እንዳታደርገኝ …» አልሽ፤ ደግሞ ኩርርር። በመጨረሻ «… ወለል አድርገህ ጠብቀኝ፣ እሺ አባዬ?» አልሽ። እኔም «እሺ» አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጄን ሳትረግጪ ቆይተሽ ልምጣ ስትይ፣ «ምን አልሽ?» እያልኩ እንደ ደንቆሮ ልነዝንዝሽ? ጆሮዬ ደህና ነው። መስመሩ ነው።

ስልኩን ዘግቼ ወለሉን አየሁት። ሲሚንቶው እዚህም እዚያም ተፈንቅሏል። የእናትሽ ውሻ፣ ሻምበል፣ እንደምታውቂው አርጅቷል። ሽንቱን እስከ ደጅ መያዝ አቅቶታል፤ ሲሚንቶው ደግሞ ይጠጣዋል፤ ቢያጥቡት ቢያጥቡት ሽታው አይለቅም። «ይሄ ቤት ውሻ ውሻ ይላል» ብለሽኝ ታውቂያለሽ። እውነቷን ነው፣ ወለል አድርግ ማለት ወለል አሠራ ማለት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል አልኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቂጤ መሬት አልነካም።

ሻምበልን ይዤ ወለል የሚሸጥበት ትልቁ መደብር ሄድኩ። ሻጯ በር ላይ አስቆመችኝ።

«አባባ፣ ውሻ አይገባም።»

«ወለሉን የምገዛው እኔ ነኝ እንጂ የሚሄድበት እሱ ነው። አንቺ ጫማ ስትገዢ እግርሽን ደጅ ትተሽ ነው የምትገቢው?»

ሳቋ አመለጣት። አስገባችን።

መጀመሪያ ሴራሚኩን አሳየችን። ፊትሽን ታይበታለሽ። «ለማጽዳት እንደሱ የለም፤ ሽንት አይጠጣ፣ ሽታ አይዝ» አለች። ሻምበል ሁለት እርምጃ እንደሄደ አራት እግሩ በአራት አቅጣጫ ሄደ። እንደ ወደቀ ካፖርት መሬት ላይ ተዘርግቶ ቀና ብሎ አየኝ። ልጄ፣ ውሻም ያፍራል። አንስቼ አቀፍኩት። «ይሄ ይቅርብን» አልኳት። ፓርኬውን ስታሳየን ገና ሲረግጠው በጥፍሩ መስመር አወጣበት፤ ውሃ ካደረበትም ያብጣል አለች። ምንጣፉ ላይ ሲወጣ ግን ደስ አለው። በጣም ደስ ስላለው ሸናበት።

«አባባ!» ብላ ጮኸች።

«ምን ያስጮህሻል፣ መርጧል ማለት ነው።» ኪሴ ያለውን መሀረብ አውጥቼ ራሴ ጠረግኩት፤ የቤቴን ጣጣ ለሰው አልሰጥም።

«ምንጣፍማ ለሱ አይሆንም! ፀጉሩንም ሽንቱንም ይዞ ይቀራል። ሲከርም ቤትዎ ሁለት ውሻ ይኖራል።»

በመጨረሻ ጣውላ የሚመስል ወፍራም ፕላስቲክ አወጣች። በእጄ ስዳብሰው ሻከር ይላል፤ ጥፍር አይዘው፣ ውሃ አይገባው። ሻምበል አሸተተው፣ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ተኛበት። ብጎትተው አልነሳም አለ። ማንኮራፋት ጀመረ።

«ጠቅልዪልኝ» አልኳት።

«ወለሉን ነው ውሻውን?»

ወለል አንጣፊው በማግስቱ መጣ። ዕቃውን ሁሉ ደጅ አወጣን። ያንን አሮጌ ሲሚንቶ አይቶ፣ «አባባ፣ ይሄ መንገድ ቢሆን መኪና ይገለብጣል» አለኝ። «ሌላ ሹፌር እንደሆነ ነው» አልኩት። ጉድጓዱን ለማስተካከል ቀጭን ሲሚንቶ ከላይ አፈሰሰበት፤ ያ እስኪደርቅ እኔ ደረቅኩ። ከጓሮ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓሮ። ሻምበልስ ዞር ዞር ብሎ ይተኛል፤ እኔ ብዞር ብዞር መተኛው ጠፋኝ። አንጣፊው ሲያነጥፍ ከኋላው ቆሜ ጣውላ በጣውላ አየሁት።

«ቅዳሜ ይደርሳል?»

«ቅድምም ጠየቁኝ እኮ አባባ።»

«መልሱ ተቀይሮ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ኧረ ቁጭ ይበሉ በናትዎ!»

«የት ልቀመጥ? ወንበሩ ደጅ ነው።»

ትናንት ጨረሰ። ያማረ ነገር ነው፤ ስትመጪ ታዪዋለሽ። በጓሮ በር ወጣንና፣ እስቲ እንደ እንግዳ በፊት ለፊት እንግባ ተባባልን። አንጣፊው በሩን ገፋው። ክርር ብሎ ቆመ። በትከሻው ቢገፋው፣ ወይ ፍንክች! ሰው በጎኑ ብቻ የሚያልፍበት ክፍተት ሰጥቶ ተቸነከረ። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና ጭንቅላቱን አከከ።

«ወለሉ ሁለት ጣት ከፍ ብሏል አባባ። በሩን ይዞታል። ከእንግዲህ ገርበብ ይላል እንጂ ወለል ብሎ አይከፈትም።»

«ምን አልክ?»

ሰውን ምን አልክ ብዬ ስጠይቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ወለል አይልም አልኩ። በሩ።»

እዚያው ደጅ የተከመረው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፤ ስንት ቀን ያልተቀመጥኩትን ያኔ ተቀመጥኩ። አንጣፊው «ውሃ ላምጣልዎ?» ይለኛል። እኔ ያንን ኩርርር ነው የምሰማው። በሩን ነው ያልሽኝ። እንዳለፈው ገርበብ አድርገህ እንዳታቆመኝ፣ በሩን ወለል አድርገህ ጠብቀኝ ነው ያልሽኝ።

ያለፈው መጥቶ ፊቴ ቆመ። እናትሽ ካረፈች በኋላ፣ መጥተህ ከእኔ ጋር ካልኖርክ አልሽ። የተከራየሽው ቤት ግን እንስሳ አያስገባም። ስለዚህ ሻምበልን የሚወስድ ሰውዬ ይዘሽ መጣሽ። እኔም በሩን በእግሬ ደግፌ፣ በዚችው በጎን በምታሳልፈው ክፍተት አነጋገርኩሽ። ከሙሉ ፊትሽ አንድ ዓይንሽን ብቻ ነው ያየሁት።

«አባዬ፣ አስገባኝ እንጂ!»

«ሰውየው ይሂድ!»

ሰውየው ሄደ። አንቺም ሄድሽ። እኔ ሰውየውን ብቻ ነበር ያልኩት።

ይህን ብዬሽ አላውቅም። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ትመለሽ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን ጣውላው ላይ ለጥፌ ቆሜ ነበር። ይሄንንም ብዬሽ አላውቅም። አሁን ደግሞ ይኸው፤ ስሚልኝ ጉዴን፤ ላስደስትሽ ብዬ ያን ቀን ያቆምኩሽን ክፍተት በገዛ እጄ አስቸነከርኩት። እናትሽ ብትኖር ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው። «አንተ ሰውዬ ፍሬን እንጂ ጆሮ አልተሰጠህም» ትለኝ አልነበር?

አንጣፊው ያጽናናኛል። «አይጨነቁ፤ ነቅዬ እወስደውና ከሥሩ ልጌ ሰኞ አመጣዋለሁ።»

«ልጄ ቅዳሜ ናት።»

«እንግዲያው እስከ ሰኞ እንዲሁ ይቆይ። ምን አለበት፣ ቀጭን ከሆነች በጎኗ ትገባለች።»

«ልጄ በጎኗ አትገባም!»

ሻምበል እንኳ ደንግጦ ተነሳ። ካቻቪቴውን ከእጁ ነጠቅኩትና ማጠፊያውን መፍታት ጀመርኩ። አንጣፊውም በሩን ከሥር ደገፈልኝ።

«አባባ፣ ሌባስ?»

«ሻምበል አለ።»

«ጥርስ የለውም እኮ!»

«ሌባው በምን ያውቃል?»

አወረድነው። ከትናንት ጀምሮ ቤትሽ በር የለውም። በሩ ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ እንደ ተቀጣ ተማሪ። ነፋሱ እንዳሻው ይገባል፤ የጎረቤት ዶሮ መጥታ አዲሱን ወለል መርምራ ሄደች፤ አላንሸራተታትም። አላፊ አግዳሚው አንገቱን አስግጎ ያየኛል፤ «ምነው፣ ቤት ለቀቁ እንዴ?» ይላል። «እንግዳ አለብኝ» እላለሁ። የአውቶቡስ ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር እነሳለሁ። ቅዳሜ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እነሳለሁ።

ሻምበልን በተመለከተ፣ አልሰጠውም። አንቺ ደግሞ አትተዪውም፤ የማን ልጅ ነሽና! ብቻ እንደዚያ ቆመን አንነጋገርም። ወለሉ ሞቅ ይላል፤ አንቺ ቁጭ በይበት፣ እሱም ይተኛበት፣ እኔም ከቻልኩ እቀመጣለሁ። ከዚያ የመጣሽበትን ሁሉ ንገሪኝ፤ ሁሉንም።

ይኸው ረዳቴ ክላክሱን እየነፋ ነው። ቅዳሜ እንዳታንኳኪ፤ የሚንኳኳ ነገር የለም። ሻምበል ደፉ ላይ ተጋድሞ ካገኘሽው ተራምደሽው ግቢ፤ እሱ አንቺን አይከለክልም።

ስታወሪኝ ደግሞ ጠጋ ብለሽ አውሪኝ። ሁልጊዜ መስመሩ አይደለም።

አባትሽ፣
በር ከሌለው ቤት