ወደብ ስደርስ እመልሳለሁ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አድርጎሻል? የከተማችን የኪሉንግ ዝናብ ሲበረታ ያንን ደረጃ እየወጣሽ እንደምትወርጂ ስለማውቅ ሐሳብ አይለየኝም። እኔ ደህና ነኝ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ድምፄ እንዳይከዳኝ ፈራሁ። ኢሜይል እንዳልልክልሽ ደግሞ የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ቆሟል። የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው።

ዕቃው ስላረጀ የመርከብ ድርጅታችንን ኢሜይል በሙሉ ወደ አዲስ ሰርቨር እያዛወርን ነው። አለቃችንን አቶ ፋንግን ታውቂያቸው የለ? "ሰባተኛው ወር፣ የሙታን መናፍስት የሚወጡበት ወር ከገባ እንኳን ሰርቨር ወንበርም አላስነሣ፤ መናፍስቱ መንገድ ላይ እያሉ!" ብለው አጣደፉን። ቤት የሚለቅ ሰው አሮጌ ጨርቁን ጥሎ እንደሚሄድ፣ እኛም ከመዛወራችን በፊት የመረጃ ቋቱን እናጸዳለን። የተበላሸው ይጠገናል፣ ባለቤቱ ለዓመታት ያልከፈተው የኢሜይል ሳጥን ይሰረዛል። ከሚሰረዙት አንዱ፣ በድርጅታችን መርከብ እንደ ወጣ የቀረው የወንድሜ የቦ-ሃን ነበር።

አብሮኝ የሚሠራው ሊያው፣ ሳጥኑ የዚያች የጠፋችው መርከብ ሠራተኛ መሆኑን እንጂ የእኔ ወንድም መሆኑን ሳያስተውል፣ "ሟች ተሸክመን አዲስ ቤት ልንገባ ነው እንዴ? ሰርዢው እባክሽ!" ብሎ ቀለደ። ስሙን ሳሳየው ፊቱ ቀላ።

ልሰርዘው ስል ግን ሳጥኑ ባዶ አለመሆኑን አየሁ። በየእሑዱ አንድ ደብዳቤ ይገባበታል። ከማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፣ አንዱንም አላነበብሁም፤ የሰው ደብዳቤ አይነበብም ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ያነበብሁት ሳጥኑ በራሱ የሚመልሰውን ብቻ ነው። ቦ-ሃን ከመሳፈሩ በፊት ጽፎ የተወው ነው፤ "ባሕር ላይ ነኝ። ወደብ ስደርስ እመልሳለሁ" ይላል። ለጻፈለት ሁሉ እስከ ዛሬ ይህንኑ ሲመልስ ኖሯል።

እማዬ፣ ዓምና በመናፍስቱ በዓል በፋኖሱ የተጣላነው ትዝ ይልሻል? ሰው ሁሉ ለሟቹ ፋኖስ ባሕር ላይ ሲያንሳፍፍ አንቺ እምቢ አልሽ። "ምነው፣ መንገዱን አብሪለት እንጂ! ልጅሽ በጨለማ ይቅር?" ብዬ ስጮህብሽ፣ "'ወደብ ስደርስ እመልሳለሁ' ብሏል እኮ" አልሽኝ። ያኔ ሐዘን አእምሮሽን የነካው መስሎኝ ደነገጥሁ። አሁን ሰርቨሩ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

ሳጥኑ እንዲሻገር ወሰንሁ። ቀላል አልነበረም። ጥገናው እሱ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ፤ ከደብዳቤዎቹ የተበላሹ ነበሩ። መጠገኛው ፕሮግራም ማንበብ ያቃተውን አውጥቶ ይጥላል፤ የማንም ቢሆን አይምርም። ጥገናውን አቁሜ፣ የጎደለውን ከመጠባበቂያው ቅጂ አንድ በአንድ እየለቀምሁ መለስሁ። ሊያው ለካ ሰርቨሩ ሳይበላሽ ጨዋ ሆኖ እንዲሠራ በሙያችን ልማድ አናቱ ላይ የምናኖርለትን አረንጓዴ የብስኩት ከረጢት፣ አሮጌው ሥራውን ሳይጨርስ አንሥቶ አዲሱ ላይ አድርጎት ኖሯል። "በቁሙ ከዳሁት፣ ቢቀየመኝ ይፈረድበታል?" እያለ መልሶ አስቀመጠለት። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅበት ነበር። ያን ቀን ግን ከረጢቱ እንዳይወድቅ ራሴ አስተካከልሁት።

አንድም ሳይጎድል ተሻገረ። በራሱ የሚመልሰው ቃል ግን ከአሮጌው ጋር ቀረ፤ እንደ አዲስ መጻፍ ነበረበት። አቶ ፋንግ "ሳጥኑስ ይሁን፣ መልሱን ግን ተዪው ልጄ። የሞተ ሰው እመጣለሁ አይልም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ስነግርሽ የኖርሁት ይህንኑ ነው። ቢሆንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍሁት። ከዚያ ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ከራሴ ሳጥን፣ "ወንድምዬ፣ ደረስህ ወይ?" ብዬ ላክሁለት።

ወዲያው መለሰልኝ።

ሰርቨሩ ለውጭ ሰው የሚከፈተው ሰኞ ነው። በዚህ እሑድ የሚጽፍለት ሰው ቢኖር፣ መልሱ ቢዘገይ አይደንግጥ፤ ደብዳቤው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አይጠፋም። ስለ ፋኖሱም ከእንግዲህ አልጨቀጭቅሽም። ለበዓሉ እመጣለሁ፤ ሌላው ሲያንሳፍፍ እኛ መስኮቱ ጋ አብረን እንቀመጣለን።

የባሕር ጠባቂያችን ማዙ ጉልበትሽን ታጽናልሽ፤ ደጅሽን ትጠብቅልሽ። አንቺን የሚያሳጣኝ ቀን አይምጣብኝ።

የብስ ላይ የቀረችው ልጅሽ