እሱንም እሰሪው

ወንድሜ አስተኚው፣

ይህን ፖስት ካርድ የገዛሁት «የሕፃናት ከንፈር መስፋት ከዚህ በኋላ ይብቃኝ» ልልህ ነበር። ዓይኔ ደክሟል፤ ወገቤም ከድቶኛል። ማደንዘዣውን የምትሰጥልኝ አንተ ሳትኖር ደግሞ ቀኑ አይገፋም።

ዛሬ የተሰነጠቀ ከንፈሯን የሰፋሁላትን ልጅ ላያት ክፍሏ ገባሁ። ሕፃናቱ ስፌቱን እንዳይነኩ ክርናቸው እንዳይታጠፍ እናደርግ የለ? እኛ ሆስፒታል የተገዛ ማሰሪያ አለ፤ እዚህ ለሥራ በመጣሁበት ሆስፒታል ግን የመድኃኒት ካርቶን ጠቅልለው ያስሩባቸዋል። አጠገቧ ቁጭ ከማለቴ እንቅልፍ ጣለኝ፤ ለካ እጄ አፌ ላይ ነበር።

«ሲስተር፣ ከንፈሩን ነካ! እሱንም እሰሪው!» ብላ ልጅቷ ጮኸች አሉ። ሲስተር ቀልድ አይርቃትም፤ ሁለቱንም ክንዴን በካርቶን ጠፍራ፣ ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ በሩን ዘግታብኝ ሄደች። እንዲህ ከተኛሁ ስንት ዘመኔ!

ነቅቼ ልፈታው ስል ልጅቷ «የኔ ሳይፈታማ አይሆንም!» ብላ አፈጠጠችብኝ። ይኸው ከነካርቶኔ እጽፍልሃለሁ፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ። መተዉን አሁንም እያሰብኩበት ነው።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ቦታው አለቀብኝ፤ ቤት ጎራ ካልክ ልጆቼን እቀፍልኝ፤ የእኔ ክንድ አይታጠፍም።