ፋንድያ ጠራጊው ማሽንና ያወጣሁት እጅ

ነሐሴ 17 ቀን፣ ደባርቅ

ይድረስ ለክቡር አቶ ሀብተ ሚካኤል፣ የፈረስና የበቅሎ ማዋያ ግቢ አስተዳዳሪ

ጉዳዩ፦ በሰው ፊት ያወጣሁትን እጅ በሰው ፊት ስለ ማውረድ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና፣ ቀጥሎም የማሽኑን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ መድኃኔዓለም የተመሰገነ ይሁን፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግቢው በር ላይ የለጠፍሁት ቢሮዎ ጠፍቶኝ አይደለም። ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብያለሁ፤ ስብሰባው ስለ እኛ መሆኑን አልጠራጠርምና ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ።

ክንዴ እባላለሁ። የስሜንን ተራራ ለማየት የሚወጣውን እንግዳ ጓዝ በፈረስ እየጫንሁ ያረጀሁ፣ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያልዘለለ፣ ሚስቴ አመተ ማርያም ካረፈች አራት ዓመት የሆነኝ ሰው ነኝ። ስሜ ባይታወስዎ እጄ ይታወስዎታል። ባለፈው ኅዳር በስብሰባው ላይ «ማሽኑ ይምጣ የሚል እጁን ያውጣ» ሲሉ ከሁሉ ቀድሞ የወጣው እጅ የእኔ ነበር። እርስዎም በማይክራፎን «አባቶች እንኳ ሥልጣኔ ገባቸው» ብለው አስጨበጨቡልኝ። ጭብጨባው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በመጀመሪያ ለማሽኑ አመሰግናለሁ። በትራክተር የሚጎተት፣ እንደ ዝሆን ኩምቢ ባለ ቱቦው የፈረሱንም የበቅሎውንም ፋንድያ ከመሬት መጥጦ የሚውጥ ታላቅ ነገር ነው። ሪባን በተቆረጠለት ቀን ድምፁን የሰሙ ሰባት ፈረሶች አጥሩን ጥሰው በሊማሊሞ መንገድ ቁልቁል መውረዳቸውን አንዳንድ ክፉ ሰዎች በርግገው ነው ይላሉ። እኔ ግን የምሥራቹን ለቆላው ሰው ሊያደርሱ የተጣደፉ ይመስለኛል። ከጭነት መኪናዎች መካከል ለቅመን እስክንመልሳቸው መሽቶብን፣ ለክብረ በዓሉ የታረደውን በግ ሳንቀምስ ቀርተናል። ለበላችሁት ሁሉ ይስማማችሁ።

2ኛ. የሺወርቅን ነፃ ስላወጡልን አመሰግናለሁ። ላላወቃት አንባቢ፣ የሺወርቅ ይህን ግቢ አሥራ አንድ ዓመት በአካፋና በእጇ የጠረገች ሴት ናት። ደመወዝ አልነበራትም፤ ከጥንት በተለመደው ደንብ የጠረገው ሰው ፋንድያውን ይወስዳልና ደረቁን ለማገዶ፣ እርጥቡን ለነጭ ሽንኩርት ማሳ እየሸጠች ቤቷን ታስተዳድርበት ነበር። ማሽኑ ግን የዋጠውን ሁሉ ወስዶ ገደል ይደፋዋል። ገደሉ ነጭ ሽንኩርት ማብቀል የጀመረ ዕለት ቀድመው እንደሚነግሩን እናምናለን። በሪፖርትዎ ላይ «ሴቶችን ከጎንበስ ቀና ሥራ አላቀናል» የሚል አንብቤ፣ ቅዳሜ ገበያ ሳገኛት «እንኳን ደስ አለሽ፣ ነፃ ወጣሽ አሉ» ብላት «አዎ ጋሼ፣ ከምሳዬ ነፃ ወጣሁ» ብላኝ አለፈች። ልቀልድ ነበር፤ ቀልዱ አፌ ውስጥ ኮመጠጠ።

3ኛ. ይህ ሦስተኛው ምስጋና አይደለም፤ ምስጋና ብዬ ልጽፈው ብሞክርም ብዕሩ እንቢ አለኝ። ዳማ የምትባል ባዝራ ነበረችኝ። የሺወርቅ ስትጠርግ እያንዳንዱን ፋንድያ ታየው ነበር፤ የማን ፈረስ እንደ ጣለውም ታውቅ ነበር። «ጋሼ፣ ባዝራዎ ዛሬ እንደ ጠጠር ነው የጣለችው፤ ሆዷ ደርቋልና ውኃ ሳትጠግብ እንዳይጭኗት» ትለኛለች፤ እኔም እሰማለሁ፤ ባዝራዋም ትድናለች። እንዲህ እያልን ኖረን፣ ማሽኑ ከመጣ በኋላ ግን ያየም የነገረም ሰው አልነበረም። ቱቦው ጠጠሩንም ለስላሳውንም እኩል ይውጣል፤ አድልዎ የሌለበት ማሽን ነው። በሚያዝያ ዳማን ጭኜ ወደ ሳንቃበር ስወጣ መንገድ ላይ ተኛች፤ ጎኗን ዞራ ዞራ ታየው፣ መሬቱን በኮቴዋ ትቆፍር ጀመር፤ ጭነቷን አውርጄ ጭንቅላቷን ታቅፌ እያለሁ ሞተች። ስንት ቀን ሆዷ ደርቆ እንደ ነበር አላውቅም። እኔ ባለቤቷ ነኝ፤ አላየሁም። ማሽኑ እንዲያይልኝ ድምፅ የሰጠሁም እኔው ነኝ።

የእርስዎ ጥፋት እዚህ ያበቃል፤ ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው፤ ቸኩለው ከሆነ ወደ ፊርማው ማለፍ ይችላሉ።

ሚስቴ አመተ ማርያም ይህን ግቢ ከየሺወርቅ ጋር ትጠርግ ነበር። እኔ በፈረሶቹ እኮራለሁ፤ በእሷ አካፋ ግን አፍር ነበር። ወር በገባ በአሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበር ስንቀመጥ ልብሷን አጥባና ታጥባ መጥታ እንኳ «ነፋስ ይሻልሻል» እያልሁ በሩ አጠገብ አስቀምጣት ነበር። ሽታ አልነበራትም፤ ሽታው በእኔ ሐሳብ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ጽዋውን እያጠበች «ክንዴ፣ ባዝራዋን ከቤት አሳድረህ እኔን ደጃፍ ታስቀምጠኛለህ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሳልነግራት እሷው ሄዳ በሩ አጠገብ ትቀመጥ ጀመር።

ታዲያ በኅዳሩ ስብሰባ እጄን ሳወጣ «ሴቶቻችን ከእንግዲህ አይጎንበሱ» ብዬ ነው የተናገርሁት፤ እርስዎም ያስጨበጨቡት ለዚህ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። የሺወርቅ ስትጎነበስ ባየሁ ቁጥር አመተ ማርያምን አያታለሁ፤ እንዳላያት ብዬ የሺወርቅን ከፊቴ አስነሣኋት። የእናንተ ማሽን ፋንድያ ሲጠርግ እኔ ኀፍረቴን ልጠርግበት ነበር። እሱን ግን ቱቦው አልሳበውም።

በዚህ በፍልሰታ ለነፍስ አባቴ ሁሉን ስነግራቸው «በአደባባይ ያወጣኸውን እጅ በጓዳ ልታወርደው ነው?» አሉኝና ቀኖና ሰጡኝ፤ ይህን ደብዳቤ ጽፌ በበሩ ላይ እንድለጥፍ፣ እስከ መስቀልም ግቢውን በእጄ እንድጠርግ። ማሽኑ ከሐምሌ ጀምሮ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ስለ ቆመ ለመጥረግ የከለከለኝ የለም። ባለፈው ማክሰኞ ጎንበስ ብዬ ሳነሣ የባልደረባዬ የጠይብ በቅሎ የጣለችው እንደ ጠጠር ሆኖ አገኘሁትና ሮጬ ነገርሁት፤ ውኃ አጠጥቶ ሁለት ቀን አሳረፋትና ዳነች። ሃያ ዓመት ቀጥ ብዬ ቆሜ ስሄድበት የነበረ ግቢ ነው፤ ይህን ያህል የሚነበብ ነገር መሬት ላይ መኖሩን የተረዳሁት ወገቤ ሲታጠፍ ነው። ሁለቱ ሴቶች ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያነብቡ ኖሯል።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ የሺወርቅ ትመለስ። ሄጄ ለምኛት ነበር፤ «ጋሼ፣ ግቢው በወረቀት ቢጠራኝ እመጣለሁ፤ አንቱ ለንስሐዎ ብለው ከሆነ ግን እሱን ከቤተ ክርስቲያን ይጨርሱ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥሪው ከእኔ ጸጸት ሳይሆን ከእርስዎ ማኅተም ይውጣ፤ ፋንድያው እንደ ደንቡ የእሷ ይሁን፤ በእሱም ላይ ደመወዝ ይቆረጥላት፤ ፈረስን የምትመረምር ሴት ናትና። መስቀል ሲያልፍ ቀኖናዬ ያልቃል፤ ጉልበቴም እንዲሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚያይ ዓይን ግቢው ውስጥ አይኖርም፤ እንግዶች ደግሞ በጥቅምት መውጣት ይጀምራሉ።

ከወንበርዎ ሳይነሡ ግቢውን ሁሉ የሚያዩበትን ጥበብ የሰጠዎ አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ እያልሁ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር ዝቅ ብዬ፣ እንደ እውነቱም ከፋንድያው አጠገብ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ባዝራ የሌለው ፈረስ ጫኝ፣
ክንዴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በቆመው ማሽን ዙሪያ ፈረሶቹ የጣሉት ፋንድያ እስከ ጎማው ደርሷል። እሱን አልጠረግሁትም፤ የማሽኑ ሥራ ስለ ሆነ እንዳልሻማው ብዬ ነው። ደግሞም የመስከረም ሚካኤል ማኅበር በእኔ ቤት ስለሚውል፣ ስብሰባ ካልገጠመዎ ይምጡ። የሺወርቅን ከላይ አስቀምጣታለሁ፤ ከእሷ ቀጥሎ ለእርስዎም ቦታ አለ። በሩ አጠገብ ያለውን ብቻ አይመኙት፤ እሱ የእኔ ነው።